አርባ ሁለት ተመራቂ... አርባ ሦስተኛው ማነው?

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የት እንደነበረ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተቀምጦ ነበር! እውነቴን ነው። ጉልበቴ ዴስኩ ስር አልገባ ብሎኝ እየተቁነጠነጥኩ፣ የጠመኔው አቧራ እያስነጠሰኝ ግማሽ ቀን ሙሉ ተማሪ ሆኜ ዋልኩ።

ያስገባችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። አንድ ማታ በር ላይ አገኘችኝና "ጋሼ፣ አንተ ሁልጊዜ የምትጽፈው ስለ ተፋቱ ሰዎችና ስለ ካዱ ፍቅረኞች ነው። ደህና ሰው ጋዜጣ ላይ አይወጣም እንዴ?" ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። "እንግዲያው ቅዳሜ ክፍላችን መጥተህ እየን። የምርቃት መጽሔታችንን እያዘጋጀን ነው" አለችኝ። ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ በከተማችን ካሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሲስተር በር ላይ ተቀብለውኝ "ስማችን ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ፣ የልጆቹም ስም እንዳይወጣ" ብለው ቃል አስገብተውኛል። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የተሰጠ ቃል ደግሞ አይቀለድበትም! ስለዚህ በዚህ ጽሁፍ የምታገኟቸው ሁሉ በቅጽል ስማቸው ነው።

ተመራቂዎቹ ናቹራሉም ሶሻሉም አንድ ላይ ተደምሮ አርባ ሁለት ናቸው። የመጽሔቱ ኮሚቴ ፎቶዎቹን ዴስክ ላይ ደርድሮ ጋዋን የለበሱትን ፊቶች አንድ በአንድ እየቆጠረ ነበር። እኔም ሥራ ፈት ስለሆንኩ አብሬ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ፎቶ። ከዚያ መጨረሻ ላይ አንድ በእርሳስ የተሳለ ምስል አለ። ጋዋን የለውም።

"ይሄ አርባ ሦስተኛው ማነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ።

"እሱን በኋላ እንነግርሃለን" አለች አንዷ። እኔም በኋላ እነግራችኋለሁ።

ቅጽል ስም የሌለው አይመረቅም!

መጽሔቱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ፎቶ ስር ሦስት ነገር ይጻፋል። ቅጽል ስም፣ ወደፊት መሆን የሚፈልጉት፣ እና "ላስት ወርድ"። ላስት ወርድ ማለት እንግዲህ የስንብት ቃል መሆኑ ነው። አንዳንዱ ከኢንተርኔት ገልብጦ ያመጣል፣ አንዳንዱ "ማሚ እወድሻለሁ" ብሎ ይገላገላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲጨነቅ ከርሞ ባዶ ወረቀት ይሰጣል።

ከሁሉ በፊት "ሞኒተሯ"ን ላስተዋውቃችሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የክፍሉ አለቃ እሷ ናት። አስተማሪ ሲወጣ ጠመኔዋን ይዛ ሰሌዳው ፊት ትቆምና የሚያወራውን ሁሉ ስም ትጽፋለች። አይን አይታ፣ ጓደኛ መርጣ አትምርም። አስረኛ ክፍል ሳሉ አንድ ቀን ከኋላ ያለች ልጅ አንድ ነገር ነገረቻትና ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ክፍሉ በሙሉ "ያዝናት!" ብሎ ጮኸ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ዞር ብላ ሰሌዳው ላይ የራሷን ስም ከሁሉ በላይ ጻፈች። ሲስተርም አልማሯትም፣ ከረባሾቹ ጋር ግቢ ጠረገች። መሆን የምትፈልገው ዳኛ ነው። እኔ በበኩሌ ክስ ቢኖርብኝ እሷ ፊት መቅረብ አልፈልግም!

"አርፋጁ" ደግሞ አለላችሁ። በአራት ዓመት ውስጥ የጠዋቱን ሰልፍ ያየበት ቀን በጣት ይቆጠራል። በዚያ ግቢ ያረፈደ ተማሪ ቅጣቱ የሲስተርን አበባ ውሃ ማጠጣት ነው። "ጋሼ፣ ያን ጽጌረዳ ታየዋለህ? እኔ ነኝ ያሳደግኩት" አለኝ በመስኮት እያሳየኝ፣ ኩራት በተሞላበት ድምጽ። ታዲያ መሆን የሚፈልገው ምን ይመስላችኋል? ፓይለት! "አውሮፕላኑ ይጠብቅሃል ወይ?" ብዬ አፌዝኩበት። ሳቀ። ኋላ ግን ጓደኛው በጆሮዬ እንደነገረኝ ልጁ የሚያረፍደው ታናሽ ወንድሙን ራቅ ያለ ትምህርት ቤት አድርሶ ስለሚመጣ ነው። እናትየው ገና ጎህ ሳይቀድ ሥራ ይገባሉ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ለሲስተር ተናግሮ አያውቅም። "ለምን?" ስለው፣ "አበባው ይደርቃላ!" ብሎኝ እርፍ።

"ደላላው"ን ሳልጠቅስ ባልፍ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ይቀየመኛል። በጾም ቀን የጾም ሳምቡሳ፣ በፍስክ ቀን የሥጋ ሳምቡሳ፣ በፈተና ሰሞን ደግሞ እስክሪብቶ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ልጅ ነው። አጤሬራ ግን ሸጦ እንደማያውቅ በእናቱ ስም ይምላል። "ሥራ ነው እንጂ ወንጀል አልሠራም" ይላል። የጋዋን አከራዩን፣ የማተሚያ ቤቱን፣ የአዳራሹን ሰውዬ ሁሉ አከራክሮ ዋጋ ያስቀነሰው እሱ ነው። አዳራሹ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል አሉ። መሆን የሚፈልገውን የሚሞላበት ቦታ ላይ "አስመጪና ላኪ" ብሎ ጽፏል። ምን እንደሚያስመጣ ግን ገና አልወሰነም።

"ዝምተኛዋ" ከኋላ በኩል በመስኮቱ ጥግ ትቀመጣለች። ስም ሲጠራ "አቤት" ከማለቷ በቀር ድምጿን የሰማ የለም ነው የሚባለው። ዘንድሮ በየካቲት ደብተሯ ጠፍቶ ሲፈለግ አንዱ ልጅ አገኘውና ከጀርባው ገልብጦ ቢያይ የሁሉም ፊት አለ! አርፋጁ አበባ ሲያጠጣ፣ ሞኒተሯ ጠመኔ ይዛ፣ የፊዚክሱ መምህር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን ሲፈልግ... ሁሉም በእርሳስ። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በእረፍት ሰዓት ዴስኳ አጠገብ ወረፋ ነው።

ካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ ካቶሊክ ስንት?

በነገራችን ላይ "የካቶሊክ ትምህርት ቤት" ሲባል ግቢው በካቶሊክ የተሞላ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። እኔም ይመስለኝ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአርባ ሁለቱ ተመራቂዎች መካከልም ካቶሊኮቹ ስድስት ናቸው። የቀረው ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም ነው። ሃይማኖት በትምህርት አይሰጥም፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ያለው ግብረገብ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ይጾማል፣ ዓርብ ለጁምዓ የሚወጣው ይወጣል፣ ደላላውም እንዳያችሁት ሁለቱንም ቀን አስልቶ ይሠራል።

የምርቃቱ ዕለት ጠዋት ቅዳሴ አለ፣ መግባት የፈለገ ይገባል። አንዷ የኦርቶዶክስ ልጅ አምና ከታላቅ እህቷ ምርቃት ላይ ተገኝታ ቅዳሴው በግዕዝ ሲዜም ብትሰማ "እንዴ! የኛ አይደል እንዴ?" ብላ ጮክ ብላ ተናግራ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ዞሮ አያት። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የግዕዝ ሥርዓት እንዳላት ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንድ የማልወደውን ነገር ግን ልናገር። በግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ይቀጣል። እንግሊዝኛ እንዲለመድ መሆኑ ይገባኛል። ሆኖም ልጆቹ ለመሳቅ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሲሄዱ አይቻለሁ፤ በእንግሊዝኛ ቀልድ አይመጣላቸውማ! ሲስተር ይህን ሲያነቡ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። ይቀየሙኝ።

ቀለሜዋ ጉድ አፈላች!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዚህ ክፍል "ቀለሜ" ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ አንደኝነትን ለሰው አሳልፋ የማታውቅ ልጅ ናት። ሰፈሯ ውስጥ ስሟን የሚጠራው የለም። "ዶክተር" ነው የምትባለው። አባቷ ሱቅ በደጅ ቆመው "ዶክተር መጣች" ይላሉ፣ ጎረቤትም ጉንፋን ሲይዘው እሷን ያማክራል።

እንግዲህ ይህቺ ዶክተር የመጽሔቱን ፎርም ስትሞላ "ወደፊት መሆን የምፈልገው" በሚለው ቦታ ላይ ምን ጻፈች? "የሂሳብ መምህር"!

ኮሚቴው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወሬው በሁለት ቀን ውስጥ ቤት ደረሰ። አባትየው ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። "ሲስተር፣ ልጄ ፎርሙን ስትሞላ ተሳስታለችና ይስተካከልልኝ" አሉ። ሲስተርም "እሷን እንጠይቃታ" ብለው ልጅቷን አስጠሩ።

ነገሩ የጀመረው አስረኛ ክፍል ላይ ነው። ቀለሜዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ልጆችን ሰብስባ ሂሳብ ታስጠናለች። ከእነሱ አንዱ አርፋጁ ነበር። በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ 38 አገኘ። በሦስተኛው 71! ወረቀቱን ይዞ ግቢውን ሲዞር፣ ሲጮህ፣ የአበባውን መደብ ሲረግጥ (ለዚህም ተቀጥቷል)... "ያን ቀን እኔ 98 አግኝቼ ነበር" አለችኝ ቀለሜዋ። "የራሴ ውጤት ምንም አላስደሰተኝም። የሱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።"

ለአባቷም ይህንኑ ነገረች። ከዚያም ግብረገብ ክፍል የሰማችውን አንድ ታሪክ ጨመረች። በ1651 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፈረንሳይ አገር ሬምስ ከተማ ውስጥ የተወለደ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል የሚባል የሀብታም ልጅ ነበር። ይህ ሰው ሀብቱን ትቶ የድሃ ልጆችን ማስተማርና መምህራንን ማሰልጠን ያዘ። በ1950 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች። በከተማችን የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚያስተዳድሩት ወንድሞች የሱ ማኅበር ናቸው።

አባትየው ጸጥ ብለው አዳመጡና "ልጄ፣ እሱ የሚተወው ሀብት ነበረው። አንቺ ምን አለሽ የምትተዪው?" አሏት።

እናንተዬ፣ ይህን መልስ ስሰማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ ነው የመጣው! በአባትየው ለመፍረድ ቸኩላችሁ ይሆናል። እኔ አልፈርድም። ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ መምህር ስንቱን አይተናል። እኚህ ሰው ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተነስተው ሱቅ የሚከፍቱት ልጃቸው የእሳቸውን ኑሮ እንዳትደግም ነው። "መምህር መሆን ያምራል" ብሎ የሚያደንቅ ሰው ሁሉ የራሱን ልጅ መምህር ሊያደርግ ይፈቅዳል ወይ? እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ወሰደ። እራት ላይ መነጋገር ቆመ። እናት በመሃል ተሰቃዩ። በመጨረሻ ያስታረቃቸው ማን ይመስላችኋል? ደላላው! ሱቅ ድረስ ሄዶ ለስላሳ አዘዘና "ጋሼ፣ እስቲ ይስሙኝ። ሂሳብም እኮ እስከ ዶክተርነት ይማሩታል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዶክተር እገሌ እየተባሉ አይደል?" አላቸው። አባትየው አሰቡ፣ አሰቡና "ዶክተርነቱ ካልቀረ..." አሉ። መጽሔቱ ላይ የሚወጣው እንግዲህ "ዶክተር (የሂሳብ)" ነው። የለስላሳውን ሂሳብ ደላላው አልከፈለም ይባላል።

"አባ" እና እናቱ

ሌላው ጣጣ የ"አባ" ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አባ የሚሉት ሁለት ሰው ሲጣላ መሃል ገብቶ ቡጢውን የሚቀበለው እሱ ስለሆነ ነው። ባህላዊ ልብስ በሚለበስበት ቀን ደግሞ ጉራጊኛ ሲጨፍር አጥሩ ስር ያሉ የሰፈር ልጆች ሁሉ ይሰበሰባሉ። ስማቸውን ሳይሆን እጣቸውን ነበር ያወጡለት፤ ልጁ የምር ካህን መሆን ይፈልጋል። ደብተሩ ውስጥ በ2007 ዓ.ም. ካርዲናል የሆኑት የብፁዕ አቡነ ብርሃነየሱስ ፎቶ ከጋዜጣ ተቆርጦ ተለጥፏል።

ችግሩ ለእናቱ አንድ ልጅ መሆኑ ነው። ቤቱ ውስጥ ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልከለከለም። "እማዬ ማታ ማታ ስለ ሰርግ ታወራለች" አለኝ። "የጎረቤት ሰርግ፣ የዘመድ ሰርግ፣ የማታውቀው ሰው ሰርግ። እኔን አታየኝም፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች ነው የምታወራው። የሕጻን ልብስ ስታጣጥፍ ያገኘኋት ቀን ግን ለካ የእኔን ነበር ያስቀመጠችው..." ብሎ ዝም አለ። ያማከራቸው አባት "አትቸኩል፣ አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ግባና እየው፣ ጥሪው ከሆነ አይሸሽህም" ብለውታል። ፍልስፍናው፣ ነገረ መለኮቱ ረጅም ዓመት ነውና አንድ ዓመት ቢጠብቅ የሚጎድለው ነገር የለም። እኔም ብጠየቅ የምለው ይህንኑ ነው። እናቱን ግን ምን ብዬ እንደምመክራት አላውቅም።

ሦስት ተኩል ተማሪ!

ይህ ሁሉ ምኞት ታዲያ በአንድ በር ነው የሚያልፈው። ታላላቆቻችን ማትሪክ ይሉት የነበረው ዛሬ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ነገሩ እንደጠበቀ ታውቃላችሁ። ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገባ ተፈተነ፣ ስልክ ተከለከለ፣ ውጤቱም ታየ። ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው።

አርፋጁ በቀለሜዋ የሰለጠነ ነውና ሂሳቡን ሰሌዳው ላይ ሠራው። አርባ ሁለት ሲባዛ በ8.4 በመቶ፣ ሦስት ተኩል! "ከመካከላችን ሦስት ተኩል ተማሪ ያልፋል" ብሎ ዞረ። "ግማሹ ማነው?" ብሎ አንዱ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ፊት ወንበር ወዳለው አጭር ልጅ ዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ "ግማሹ" ነው! መጽሔቱም ላይ በዚሁ ስም ይወጣል፣ ልጁ ራሱ ፈርሞ አጽድቆታል።

የእነሱ ትምህርት ቤት ከአገሪቱ አማካይ በጣም የተሻለ ያሳልፋል። ቢሆንም ሳቁ ውስጥ ፍርሃት አለ። ማታ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ምግብ የሚያስመልሳት ልጅ እንዳለች ነግረውኛል። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሰሞን "የጎረቤት ልጅ እንዲህ አመጣ" የሚለውን ወሬ ለጊዜው ብትተዉት ምን ይላችኋል? ግማሽ ያልሞላለትም ነጥቡ ከፈቀደ ሬሜዲያል ገብቶ ሌላ ዕድል የሚያገኝበት መንገድ አለ። ልጁ ይህን ከናንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

ለተመራቂዎቹም አንድ ነገር። ክሬዚ ዴይ፣ ከለር ዴይ፣ ፎቶ፣ ሱፍ፣ ሐበሻ ቀሚስ፣ አዳራሽ... ከፈተና በፊት ይህን ሁሉ ወጪ ለምን? ብዬ ልቆጣ ነበር። ሸሚዛቸውን እየተፈራረሙ ሳያቸው ቁጣዬ ጠፋ። የአባ ሸሚዝ ላይ አንዱ "ንስሐ የምገባው አንተ ጋ ነው፣ ቦታ ያዝልኝ" ብሎ ጽፎለታል።

አርባ ሦስተኛው

ቃሌን ላክብር። ያ በእርሳስ የተሳለው ልጅ የክፍሉ "ጎል ጠባቂ" ነው። አምና አስራ አንደኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቅ ላይ አብሯቸው ነበር። ሚኒባስ የሚነዱት አባቱ አንድ ጠዋት ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወደቁ። ከልጆቹ ታላቁ እሱ ነው። የመኪናው ባለቤት ሌላ ሾፌር ቀጠረና ልጁን ረዳት አደረገው። ትምህርቱን በዚያው አቋረጠ። ዘንድሮ የማታ ትምህርት ተመዝግቦ አስራ አንደኛን እየደገመ ነው፤ ቀን ሙሉ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ጮሆ ማታ ድምጹ ተዘግቶ ነው ክፍል የሚገባው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያልፍ የክፍል ጓደኞቹ ይሳፈራሉ። ሒሳብ አይቀበላቸውም። እነሱም ሲወርዱ ብሩን ወንበሩ ላይ ጥለው መሮጥ ለመዱ።

መጽሔቱ ሲጀመር አንዱ "የሱም ፎቶ ይግባ" አለ። ሞኒተሯ "አይሆንም" አለች። "እኔም እወደዋለሁ፣ ግን መጽሔቱ የተመራቂዎች ነው። ተመራቂ ማለት የጨረሰ ነው።" ጭቅጭቅ ሆነ። የጮኸም ያለቀሰም ነበር። ሲስተርን አስፈረዱ። ሲስተርም "መጽሔቱ የናንተ ነው፣ እናንተ ወስኑ" ብለው ወጡ። ድምጽ ተሰጠ። ሰላሳ አምስት ደገፉ፣ አራት ተቃወሙ፣ ሦስት ድምጽ አልሰጡም።

የሚገርመው ከተቃወሙት አራት አንዱ የጎል ጠባቂው የልብ ጓደኛ ነበር! ሁሉም "አንተ ከሃዲ!" ብለው ተነሱበት። ልጁ ቆሞ "ለመሆኑ እሱን የጠየቀው ማነው?" አላቸው። ማንም አልጠየቀውም። አርባ ሁለት ልጅ ሙሉ ሳምንት ስለ አንድ ልጅ ሲጨቃጨቅ፣ በየቀኑ ታክሲው ውስጥ እየተሳፈረ፣ አንድም ሰው አልጠየቀውም!

በማግሥቱ ጓደኛየውና ሞኒተሯ ሄደው ተሳፈሩ። ጎል ጠባቂው በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰማቸውና ፊቱ ተቀየረ። "ተዉኝ እስቲ። መቀለጃ ልታደርጉኝ ነው? ተመራቂ ማለት የጨረሰ ነው። እኔ የት ጨረስኩ?" አለ። ሞኒተሯ የራሷን ቃል ከሱ አፍ ስትሰማ ምን እንደተሰማት ስትነግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ ሳላምንበት የተናገርኩት ነገር የለም። ያን ጊዜ ግን ብዋጥ ደስ ይለኝ ነበር" አለችኝ። መሃል ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ። "አንተ ልጅ፣ ለጓደኞችህ ፎቶህን ስጣቸው፣ ለእኔ ደግሞ መልሴን ስጠኝ!" ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳይወድ በግድ ሳቀ። ግን እሺ አላለም። "ወራጅ አለ!" ተባለና ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ታክሲው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመና በመስኮት የታጠፈ ወረቀት ለጓደኛው ተወረወረለት። "ጋዋን አልለብስም። ሳልጨርስ አይሆንም። ከፈለጋችሁ በጎል ጠባቂ ማልያ ትሳለኝ። ጓንቱንም" ይላል። ዝምተኛዋ ያን ማታ ቁጭ ብላ ሳለችው። እጆቹን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ኳሷን እየጠበቀ። በወረቀቱ ጀርባ ላስት ወርዱን ጽፏል። "ተራዬን ይዣለሁ" የሚል ነው።

መጽሔቱ አሁን ማተሚያ ቤት ገብቷል። የምርቃቱ ቀን ቅዳሜ ነው፣ ለታክሲ ደግሞ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነውና ጎል ጠባቂው ሥራ ትቶ መምጣት አይችልም። ልጆቹም ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። ቅዳሴው ካለበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሹ ድረስ ተመራቂዎቹንና ወላጆችን የሚያመላልስ ሚኒባስ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ የዚያን ቀን መኪናውን በኮንትራት ሊይዙት ነው። ሾፌሩም ባለቤቱም ተስማምተዋል፣ ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ጨርሱ ብለዋል። የሚነጋገረው እንግዲህ ደላላው ነው። ጎል ጠባቂው ዋጋውን ዝቅ እያደረገ፣ ደላላው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ እያደረገ ይከራከራሉ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልተስማሙም።